የመስጊዱ ማብሪያ

መርሳ፣ ሐሙስ ጥር 19 ቀን 2014

የመስጊዱ አሮጌ አምፕሊፋየር ዛሬም ተቃጠለ። በስንት ልፋት ነበር ያስነሳሁት! ውስጡ ያሉት ቫልቮች፣ አምፖል የሚመስሉት የመስታወት ቱቦዎች፣ ቀስ ብለው ሳይግሉ ከፍተኛው ቮልቴጅ ከደረሰባቸው አለቀላቸው። ለዚህ ብዬ ነው ሁለት ማብሪያ ያደረግሁለት፤ አንደኛው ያሞቃቸዋል፣ ቀልተው ሲታዩ ሁለተኛው ይበራል። አዛን የሚሉትን ሸህ ይማምን አጠገባቸው ቆሜ አሳይቻቸው ነበር።

ስደርስ ሁለቱም ማብሪያዎች እንደበሩ ናቸው። ጠዋት መብራት ድንገት ሲመጣ ቀዝቃዛዎቹ ቫልቮች ላይ ሁሉም ባንዴ ገብቶባቸዋል።

«መብራት ሲሄድ ሁለተኛውን ያጥፉት እያልኩ ስንቴ ልንገርዎት?» አልኳቸው። ጮኼባቸዋለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ካጠፋሁትማ መምጣቱን በምን አውቃለሁ ልጄ? ድምፅ ማጉያው እዝ ሲል እኮ ነው የምሰማው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በጦርነቱ ያን ሁሉ ወር በጨለማ ከከረምን ወዲህ ማብሪያ የሚያጠፋ ሰው የለም። ሁሉም አብርቶ ይጠብቃል።

ሁለተኛውን በራሱ አዘግይቶ የሚያበራ ሪሌይ ብገጥምለት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ሪሌዮቼ ግን ከነሣጥናቸው ተዘርፈዋል። ቫልቭም ወልድያ ድረስ አስጠይቄ የለም ተባልኩ። የመግሪብን አዛን ሸሁ በባዶ ድምፃቸው አሉ፤ ከመንገዱ ማዶ አልተሰማም።

እየተነጫነጭኩ ቤቴ ገባሁ። መብራት ተመልሶ ሄዷል። የሳሎኑ ማብሪያ ግን እንደበራ ነው። ላጠፋው እጄን ሰደድኩና ተውኩት።