ሁለት ማተብ

ናዝሬት፣ ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ሆስፒታላችን ከወንጂ የመጣች የአገዳ ቆራጭ ሚስት ደረታቸው የተጣበቀ ሴት መንታዎች ወለደች። ኩባዊው ዶክተር ደረታቸውን ሲያዳምጥ ቆየና «ቶራኮፓገስ» አለኝ፤ በደረት የተጣበቁ ማለት ነው። በራስ የተጣበቁት ክራኒዮፓገስ፣ በሆድ የተጣበቁት ኦምፋሎፓገስ ይባላሉ። ተማሪ ሳለሁ ሸምድጄዋለሁ፤ አይቼ ግን አላውቅም ነበር። ልባቸው አንድ ብቻ ነው፣ እስከ ማታ አይቆዩም አለ ዶክተሩ።

እናትየው ሳይጠመቁ እንዳይሞቱባት ለመነችኝ። ቄስ አስጠራሁና የሆስፒታሉ ካድሬ እንዳያየን በሩን ዘጋሁ። ቄሱ አዩዋቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንድ ነፍስ ናቸው ሁለት?»

«አባ፣ ሐኪሙ የሰጣቸው ስም የተጣበቁበትን ቦታ እንጂ ይህን አይናገርም።»

«አንገታቸውስ?»

«ሁለት ነው።»

«እንግዲያው ሁለት ማተብ አዘጋጂ።»

ከቁስል መስፊያው ጥቁር ክር ቆርጬ ሰጠኋቸው። ወለተ ሚካኤልና ወለተ ማርያም አሏቸው። የግራዋን እኔ፣ የቀኟን የጽዳት ሠራተኛዋ ክርስትና አነሳን። ሁለታችንም አንድ ገላ ታቀፍን።

ከሰዓት በኋላ አረፉ። ለእናትየው ስነግራት አላለቀሰችም።

«ሲስተር፣ አንደኛዋ ቀድማ ሌላዋ ብቻዋን ቀርታ ነበር?»

«የለም፣ ልባቸው አንድ ስለሆነ አብረው ነው የሄዱት።»

«እሱስ ደግ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቤት ገብቼ እራቴን በላሁ። ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፤ አልመጣልኝም። የክርስትና ልጄን ስም ለብቻው ልጠራ ብል የእህቷም አብሮ ይመጣብኛል።