ቀጭኗ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዝናቡ ዛሬም አልተወንም። ከዳሪሙ የመጣውን ማር ተቀብዬ ሱቅ አስገባሁ። ባሌ ኩመራ ከዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ሲገባ ፊቱ በርቷል። ምን አግኝቶ ይሆን? እራት ላይ ነመራ ደወለለት፣ ጅማ ያለው የሥራ ጓደኛው። በረንዳ ወጥቶ «ቀጭኗ መጣች» ሲለው ሰማሁ። ቀጭኗ?... አዲስ ተማሪ ትሆናለች። እኔ ምን አገባኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

አገባኝ እንጂ። ቀኑን ሙሉ ማር ስመዝን እሷን አስባለሁ። እኔስ ሳገባ ቀጭን አልነበርኩም? ወገቤን በሁለት እጁ ይጨብጠው ነበር። ማታ ደግሞ በስልክ፣ «በጣም ስስ ናት፣ በባዶ እጅ አትነካም» አለና ሳቀ። ከእኔ ጋር ከሳቀ ስንት ጊዜው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

የዕረፍት ቀኑ ነው። ምሳ ሳይበላ ሊወጣ ሲል ወዴት ነው አልኩት። «ገና እያሞቅኳት ነው፣ ብቻዋን አልተዋትም» ብሎኝ እርፍ። ፊት ለፊት! ማንን ብዬ ልጠይቅ... ምሳውን መልሼ ከደንኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ሁሩሙ ላለችው እህቴ ለእትዬ ሮማነወርቅ ደውዬ ነገርኳት። ስልኩን ስዘጋ ቆጨኝ። ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቼ እኔው አያታለሁ አለች። እትዬ ካለች ታደርገዋለች። ትዳሬን አፈረስኩ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

እትዬ ጃንጥላዋን እንደ ዱላ ይዛ ደረሰች። ኩመራን ተከትለነው ላብራቶሪው ሄድን። ጥበቃው ለኩመራ ምሳ ያመጣን መስሎት አስገባን። ኩመራ ብቻውን ነው። እትዬ ሰላም እንኳ ሳትለው፣

«የታለች?»

«ማን?»

«ቀጭኗ!»

ፊቱ እንደ ልጅ በራ። «እህትዎ እድል ነገረችዎት እንዴ? ኑ ላሳያችሁ። ጃንጥላዎን ብቻ እዚያ ያስቀምጡልኝ፣ እትዬ።»

የአንድ ማሽን በር ከፈተ፣ ምድጃ ይመስላል። ውስጡ በቀለበት የተጠቀለለ... ክር! ከፀጉር ትንሽ ወፈር ያለ። ኮለም ትባላለች አለን። ሠላሳ ሜትር ናት፣ ውስጧ እንደ ቧንቧ ክፍት ነው። የያዮ ጫካ ቡና ሽታ በጋዝ እየተገፋ በአንዱ ጫፏ ተደባልቆ ይገባል። ውስጧ የተቀባው ነገር አንዱን ሽታ ቶሎ ይለቀዋል፣ ሌላውን ያዝ ያደርገዋል። እሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ በሌላው ጫፍ ተራ በተራ ይወጣሉ። «የድሮዋ ወፍራም ነበረች፣ እንዲህ አጥርታ አትለይም» ሲል እትዬ ዞር ብላ አየችኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

እትዬ ሚኒባስ ውስጥ ገብታም ሳቋ አልቆመም። እኔስ? ሰው አይደለችም፣ ክር ናት። ታዲያ ለምን አልለቀኝ አለ? አነካኩን አየሁታ። ትንፋሹን ውጦ፣ በሁለት ጣት... ሰው ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ ፀጉሯን እነጫለሁ።

ሳህን እያጠብኩ ነገርኩት። ቀናሁ አልኩት።

«ማል ታቴ፣ እድል? ምን ሆንሽ? በዕቃ?»

«በዕቃ። የእኔም ወሬ ተደባልቆ ነው የሚገባው። ተራ በተራ እስኪወጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ ግን ማን አለ?»

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 28

እሱ ወደ ክሩ ይሄዳል። እኔም ወደ ማሬ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

ፀሐይ ወጣች። ኩመራ ጫማውን አድርጎ በሩ ጋ ደርሷል። እኔ እንደ ልማዴ ስለ ማሩ፣ ስለ እትዬ ጉልበት፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ሁሉንም ባንዴ ጀመርኩለት። ስልኩ ጠራ። ነመራ ነው።

«አሁን አልችልም፣ እሷ እየጠበቀችኝ ነው» አለው።

የትኛዋ?... ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ሲፈታ አየሁት።

ከጣሪያው ጀመርኩ።