ዳኛዋ የሣለችው ካፖርት

ለልጄ ጓደኛ፣

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ጤናሽስ፣ ትምህርቱስ? አባትሽ አዲሱን ሥራ ለመዱት? ያ እንቅልፍ የነሳሽ የሒሳብ ፈተናስ እንዴት ሆነ? እኔ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ነኝ የሚለውን ቃል ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደተውኩት ከታች ታገኚዋለሽ። እባክሽ ይህን ወረቀት ቆመሽ አታንብቢው። በማደሪያ ክፍላችሁ የምትቀርብሽ ልጅ ካለች አጠገብሽ ትቀመጥ።

የምጽፍልሽ ስለ ልጄ ነው። ቀኑን ከነገርኩሽ ሌላው ይቀለኛል።

ማክሰኞ ነበር። ሥራ ቦታ የተማሪ ሸሚዝ እየሰፋን ነበር። የአንዱን ሸሚዝ ቀኝ እጅጌ ገጥሜ ግራውን ላነሳ ስል የክፍላችን አለቃ መጣች። ማሽን ለአንድ ደቂቃ ሲቆም ካየች የምትጮህ ሴት ናት፤ ሴቶቹ "ሰዓት" ብለው ስም አውጥተውላታል። ያን ቀን ግን አልጮኸችም። እጇን ዘርግታ ማሽኔን ራሷ አጠፋችው። ያን ጊዜ አወቅሁ። ልጄ ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ወደቀች አሉኝ። ሐኪም ቤት ስደርስ "ወደቀች" ያሉኝ ሌላውን ቃል ፈርተው እንደሆነ ገባኝ። ልቧ ነው። ከሕፃንነቷ ደካማ እንደነበረ ታውቂያለሽ። ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ጎንበስ ብላ የጫማ ክሯን የምታስር ትመስል ነበር፤ ማረፏ እንዳይታወቅባት።

ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ወር ሊሞላው ነው። በእነዚህ ወራት ደግሞ ከእሷ ሦስት ደብዳቤ ደርሶሻል።

ሦስቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽና ፍርዱን ለአንቺ ልተው። ከቀብሩ በኋላ በአምስተኛው ሳምንት ፖስታ ቤት ደብዳቤሽን ሰጡኝ። "ክብርት ዳኛ ሆይ፣ ፍርድ ዘገየ፤ ደንበኞቼ በእስር እየማቀቁ ነው" ይላል። የእናንተን ነገር አውቀው ነበር፣ እንዴት አላውቅ! እሷ ዳኛ፣ አንቺ ጠበቃ። እሷ የመጽሐፍ ሰዎችን አንድ በአንድ እያስቀረበች ትፈርድባቸዋለች፤ አንቺ ለሌባውም ለከዳተኛውም ትከራከሪላቸዋለሽ። እናንተ ትምህርት ቤት ስልክ ክልክል በመሆኑ የሚያዝንላችሁ ሰው ነበር፤ ልጄ ግን በስልክ የተሰጠ ፍርድ አይጸናም ትል ነበር። ሕጋችሁንም አውቃለሁ፤ ቡናማውን ወረቀት ከሥራ ቦታ የማመጣላት እኔ ነበርኩ። መጽሐፉ በወረቀት ተሸፍኖ ይላካል። የደረሰው ሰው የታተመውን ሽፋን ሳያይ አንብቦ ይጨርሳል፤ ከዚያ ሽፋኑ ምን መሆን እንደነበረበት በወረቀቱ ላይ ይሥላል፤ ወረቀቱ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ስንቱን ሠዓሊ አሰራችሁት! አንዲት የመጽሐፍ ልጅ ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ፀጉሯን በገዛ እጇ ቆርጣ ጥላው ሳለ፣ ሽፋኑ ላይ እስከ ወገቧ ለቃው ብትገኝ፣ ልጄ "ሠዓሊው መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ያንብብ፣ ሁለቱን ጮክ ብሎ" ብላ ፈረደችበት። ሌላ ቀን አንዱን መጽሐፍ ማሽኔ ድረስ ይዛ መጥታ ሽፋኑ ላይ ያለው ቀሚስ ይሰፋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አየሁት። ቁልፍ የለው፣ ዚፕ የለው፣ አንገቱ ጠባብ። ልጅቷ ከነቀሚሷ ካልተወለደች በቀር የገባችበት መንገድ የለም አልኳት። ለአንቺ ስትጽፍልሽ "የባለሙያ ምስክርነት" ብላ አስገባችው። ሁለት ቀን ሙሉ ኮራሁ።

እናም ያን ደብዳቤሽን ይዤ ልመልስልሽ ተቀመጥኩ። "ልጄ" ብዬ ጀመርኩ። ቀጥሎ ያለውን ቃል እጄ እንቢ አለ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ብዕር ለእጄ ከመቀስ ይከብደዋል፤ ግን ፊደሉ ጠፍቶኝ አልነበረም። ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። በአራተኛው ላይ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። በዓለም ላይ ልጄን "ዘገየች" እንጂ "ቀረች" ያላላት አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም አንቺ ነሽ። ያን ሰው በገዛ እጄ ማጥፋት አልቻልኩም።

ትምህርት ቤቱ ቦርሳዋን መልሶልኝ ነበር። አንቺ የላክሽው መጽሐፍ፣ የድልድይ ጠባቂው ሴት ልጅ ታሪክ፣ ከነወረቀቱ ውስጡ አለ። ግማሹ ላይ ከእኔ ማሽን የወሰደችው ሰማያዊ ክር ተጋድሟል። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ በር ተሥሏል፤ በሩ ላይ አንድ ካፖርት ተሰቅሏል። ሰው የለም። ሕጉን ጥሳ ሳትጨርስ መሣል ጀምራለች፣ ካፖርቱን የሚለብሰውንም ሰው ሳትሥለው ቀርታለች አልኩ። አንብቤ እኔ ልፍረድ፣ ከዚያ እውነቱን እነግርሻለሁ ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ።

ሁለት ወር ፈጀብኝ። በምሳ ሰዓት ማሽኔ ላይ ተደግፌ ነበር የማነበው። አጠገቤ የምትሠራው የሸሚዝ ቁልፍ ተካይ ምላሷ ከመርፌ የሾለ ነው፤ በስተርጅና የክፍል ፈተና ልትወስጂ ነው ወይ እያለች ስታደርቀኝ ሰነበተች። በሳምንቱ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ፣ ያው በአፍሽ እያነበብሽው ከሆነ ለሁላችንም ይሰማ አለች። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የመጽሐፉ ልጅ ጠፍቶ የቀረ ወንድሟን ፍለጋ ጀልባ ላይ የወጣች ቀን የምሳ ሰዓት አለቀ። አለቃችን "ሰዓት" በሩ ላይ ቆማለች። መጽሐፉን አጥፌ ማሽኔን ልነካ ስል፣ "ቆይ እንጂ፣ ጀልባው ተገለበጠ ወይስ አልተገለበጠም?" አለች። ያቺ ሴት ከሥራ ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ስትሰጠን በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ግን የቆምኩት ሌላ ቦታ ነው። ልጅቷ ጎህ ሳይቀድ ስትወጣ እናቷ በመስኮት ታያታለች፤ ታያታለች፣ ቃል አትናገርም። ከዚያ ወዲያ ያለውን እያነበብኩ እንኳን ልቤ እዚያ መስኮት ላይ ቀረ። ስጨርስ በልጄ ስም ጻፍኩልሽ፦ እናቲቱ ጥፋተኛ ናት፤ አየች፣ ዝም አለች፤ ይግባኝ የለውም። እጄ በር ተዘግቶበት ስለተጎዳ እናቴ ናት የምትጽፍልኝ የሚለውንም ውሸት ጨመርኩበት።

ያን ያህል ለምን እንደከፋሁባት ዛሬ ልናዘዝልሽ። ያን ማክሰኞ ጠዋት ለጎረቤት የቀሚስ ጫፍ እያጠፍኩ ነበር። ልጄ "እማ፣ ሄድኩ" አለች። አፌ በስፒል ተሞልቶ ነበርና "እም" አልኩ። አለቀ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ለልጄ የሰጠኋት የመጨረሻ ቃል "እም" ነው። ቃል እንኳን አይባልም። የዚያችን የድልድይ ሴት ፍርድ ስጽፍ የማንን ፍርድ እንደምጽፍ አውቅ ነበር።

ይግባኝ የለውም ብልሽም ይግባኝ አልሽ። መልስሽን በቃሌ ይዤዋለሁ። "ክብርት ዳኛ ገጽ ሠላሳ አንድን አልፈውታል። እናቲቱ በዋዜማው የልጇን ካፖርት ከሳጥን አውጥታ፣ የተቀደደ ኪሱን ሰፍታ፣ ዳቦ ከትታበት በሩ ላይ ሰቅላለች። ልጅቷ ለብሳው የወጣችው እሱን ነው። ካፖርት በር ላይ የሰቀለች ሴት ዝም አላለችም። በእጇ ተናግራለች።"

ሄጄ ገጽ ሠላሳ አንድን አወጣሁ። እውነትሽን ነው። ኪስ መስፋት ለእኔ የየቀን ሥራዬ ስለሆነ ሳላስተውለው አልፌዋለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ዘጋሁትና ወረቀቱን አየሁት። በሩ፣ ካፖርቱ። የጎደለ ሰው የለም፤ ሥዕሉ ያለቀ ነው። ዳኛዋ ከእኔ በፊት፣ ከአንቺም በፊት ፈርዳለች፤ ያቺን ሴት ነጻ ለቃታለች።

ያን ጊዜ ነው የራሴ እጅ ትዝ ያለኝ። "እም" ስል እጄ ባዶ አልነበረም። የሸሚዟ ኮሌታ አንዱ ጫፍ ከሹራቧ ሥር ገብቶ ነበር። ቀሚሱን አስቀምጬ ተነሣሁ፣ አወጣሁት፣ በጣቴ ተጫንኩት፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረግኩ። እሷም ሳቀች። ስፒሉን እንዳልውጠው አስጠነቀቀችኝና ወጣች። ይህን አራት ወር ሙሉ አላስታወስኩትም ነበር፤ "እም" የሚለው ድምፅ ሸፍኖብኝ። የልጄን የመጨረሻ ሳቅ የመለሰልኝ የአንቺ ይግባኝ ነው። ውለታሽን በምን እከፍላለሁ?

በዚያው እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሰው ግን ሲቀምስ ይለምዳል። ሁለተኛው መጽሐፍ መጣ፤ ሁለት ጎረምሶች ለአንዲት ልጅ የሚጣሉበት። የትኛው ይገባታል ብለሽ ብትጠይቂ ሁለቱም የበሉበትን ሳሕን አያነሡምና ልጅቷ ትምህርቷን ትቀጥል ብዬ ፈረድኩ። ሦስተኛው በሰማይ ላይ ስላለ ከተማ ነበር። ወረቀቱን ስገልጠው የርዕሱ ፊደል እንደ ሐረግ ተጠማዝዞ፣ ቁልፍ ተካይዋና እኔ እየተጋገዝን ለማንበብ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ለዚያ ሠዓሊ አንቺ እንኳን አልተከራከርሽለትም።

በእነዚህ ወራት ትንሽ ቅር ያለኝ ነገር ነበር። ድሮ ደብዳቤሽ "እናትሽን ሳሚልኝ" ሳይል አያልቅም። ከዚያ ከተጎዳው እጅ ወዲህ ግን ለእኔ አንድ ሰላምታ የለም። እንደረሳሽኝ ቆጠርኩት። ጽሕፈትሽም ተለወጠ፤ ፊደሉ ትልልቅ ሆነ፣ ቃሉ ተራራቀ፤ እንደኔ ቀስ እያለ ለሚያነብ በጣም ይመቻል። ትናንት ሦስቱን መልሶችሽን ጠረጴዛው ላይ በተራ ዘርግቼ ሳይ ሌላም ነገር አየሁ። የጎረቤት ድመት ካስነጠሰች የምትጠይቂ ልጅ፣ የልጄ እጅ ዳነ ወይ ብለሽ አንድ ጊዜ አልጠየቅሽም።

ረጅም ሰዓት ተቀምጬ አየኋቸው። ጥጄው የነበረው ውሃ ተንኖ አለቀ። ለማን እንደምትጽፊ ታውቂ እንደነበር አልጠይቅሽም።

አሁን ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጥቼ ፊት ለፊት እንከራከራለን ብለሽ ጽፈሻል። በሩን ስታንኳኪ የተሸከምሽው ነገር ካለ በሩ ላይ እንዳትሸከሚው፣ የማታውቂውም ነገር ካለ በሩ ላይ እንዳይወድቅብሽ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ከተቆጣሽ ልክ ነሽ፤ ቁጣሽን ይዘሽው ነይ። የምፈራው መቅረትሽን ብቻ ነው። አልጋዋ ተነጥፏል። የድልድዩን መጽሐፍ ወረቀት እስካሁን አልገለጥኩትም፤ የታተመው ሽፋን ምን እንደሆነ አላየሁም። የክፍላችን ሴቶች ግን እየተወራረዱ ነው። ቁልፍ ተካይዋ ፀጉሯን የለቀቀች ልጅ ናት ብላለች፤ አለቃችን "ሰዓት" ድልድይ ብቻ ነው ትላለች። እኔ አልወራረድም። ስትመጪ አብረን እንገልጠዋለን፤ የእሷን ሥዕል በአንድ በኩል፣ የሠዓሊውን በሌላ በኩል አድርገን። ለሠዓሊው ከፈለግሽ ተከራከሪለት። የዳኛው ወንበር ባዶ ይሁን፤ እኔ አልቀመጥበትም። መዝገብ ያዥ ካስፈለጋችሁ ግን ጽሕፈቴ ከድሮው ይሻላል።

እግርሽን ከእንቅፋት፣ ልብሽን ከሕመም ይጠብቅልኝ። ለሰው ሁሉ የተከራከረ አፍሽ ተከራካሪ አይጣ። እደጊ፣ ተመረቂ፣ አርጂ።

አንቺም፣ አጠገብሽ ተቀምጣ ይህን ወረቀት የምታነብ ልጅም፣ ማታ ስትጸልዩ ልጄን በስሟ ጥሩልኝ። እሷ በወረቀት ላሉ ሰዎች እንኳን ታዝን ነበርና ምሕረት እንዳይነፈጋት፣ እባካችሁ፣ ለነፍሷ ጸልዩላት።

የዳኛዋ እናት