የለሚ ጽሑፍና የግንቡ ቀዳዳዎች

ዓርብ፣ ግንቦት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ አምቦ

ዛሬ የታሪክ ክበባችን አሮጌውን ግንብ ሊያይ ሄደ። ወንድሜ ለሚ ከመሞቱ በፊት ስለዚህ ግንብ የጻፈው ሰኞ በወላጆች ቀን ይለጠፋል፤ መምህር ታዬ ግን አንዱ መስመር ይውጣ ብለዋል። ለሚ ግንቡ መጀመሪያ የጦር ምሽግ፣ ቀዳዳዎቹም የጠመንጃ መተኮሻ እንደነበሩ፣ የአንድ ደጃዝማች ቤተሰብ በኋላ መስኮት አስፍቶ፣ ሰገነት ጨምሮ ቤተ መንግሥቱ እንዳደረገው ጽፏል። መምህሩ "ከመጀመሪያውም መኖሪያ ነው፤ ቀዳዳዎቹ የእርግብ ናቸው" ይላሉ። አገሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

ምድር ቤቱ ስንገባ አንዱን ቀዳዳ አሳየኋቸው። ከውስጥ ሰፊ ነው፤ ወደ ውጭ እየጠበበ ወደ ታች ያዘነብላል።

"ቲቸር፣ እስቲ ጎንበስ ብለው ይዩ።"

አዩ። የሚታየው የገበያው መንገድ ብቻ ነው።

"እርግቧ ገበያተኛ ትጠብቅ ነበር እንዴ?" አልኳቸው።

ልጆቹ ሳቁ። ዘበኛው ኦቦ ዲንቃም "ዱጋ! እውነቱን ነው" አሉ።

መምህሩ የጉልበታቸውን አቧራ አራገፉ። "እሺ፣ መስመሩ ይቆይ። ስም ግን የአንተን ጻፍ፤ የሚያቀርበው በሕይወት ያለ ተማሪ ነው።"

"አቀርበዋለሁ። የጻፈው ግን ለሚ ነው።"

"ገመቹ፣ አታስቸግረኝ።"

"ስሙ ከሌለ ጽሑፉም አይለጠፍም።"

ስንመለስ ሚኒባሱ እያንገጫገጨኝ የወንድሜን ስም ጽሑፉ ባለበት ካርቶን አናት ላይ በማርከር ጻፍኩት። ጠማማ ሆኗል። ሰኞ እናታችን ትመጣለች። መፋቅ የፈለገ እሷ እያየች ይፋቀው።