ያን ጊዜ ስንት ወሯ ነበር?

ይድረስ ከእናት ባላነሰ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? አማትሽስ ዓይናቸው ተሻላቸው? ባለቤትሽ ከመሰላሉ ከወደቀ ወዲህ ወገቡ ጸናለት? እኛ ደህና ነን ልበል እንጂ የምነግርሽ ነገር አለኝ።

ልጄ ሰባት ዓመት ሞላት። የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን ናት። ሐኪም ያዘዘላትን የመስሚያ መሣሪያዎች ጠዋት ጠዋት ራሷ ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። የስፌት መኪናዬን ሳስነሳ ግን አውልቃ ኪሷ ትከታቸዋለች። መኪናሽ ጭንቅላቴን ይሰፋዋል አለችኝ። ስለዚህ አሁን የምሰፋው እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ነው።

ያስጨነቀኝን ልንገርሽ። ባለፈው ወር ስትመረመር የቀኝ ጆሮዋ ካምናው ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ከኋላዋ ማንኪያ እየጣልኩ ትዞር እንደሆነ አያለሁ። ትናንት፣ እጅሽን ምን ነካው፣ ዕቃ ሁሉ ይወድቅብሻል አለችኝ።

በምርመራው ዕለት የጆሮ ባለሙያዋ ለአፍታ ወጣ ስትል የልጄን ካርድ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ትታው ነበር። እንደምታውቂው ማንበብ የተማርኩት ባሌ ከሞተ በኋላ፣ ጨርቅ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ፊደል እየለቀምኩ ነው። ካርዱንም እንደዚያው እየለቀምኩ አነበብኩት። «እናቷ እንዳለችው እስከ ሦስት ዓመቷ ደህና ትሰማ ነበር» ይላል። ቃሉ የእኔ ነው። ውሸት ነው።

ባለሙያዋ ተመልሳ፣ ሲሰማ የነበረ ጆሮ እንዲህ ከወረደ ያሰጋል፤ ሌላ ከባድ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከልጅነቷ የነበረ ቢሆን ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አየው ነበር አለችኝ። እኔም ቃሌን ሳላርም ቀጠሮ ተቀብዬ ልጄን ይዤ ወጣሁ።

እትዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ዘንድ በሰነበትሽ ጊዜ ትሪ ከእጅሽ ወድቆ ቤቱ ሲናጋ እኔ ደንግጬ ተነሳሁ፤ እሷ ግን ዞር አላለችም። ይህችን ልጅ ሐኪም አሳዪያት አልሽኝ። እኔም፣ የራስሽ ልጅ ስለሌለሽ የሰው ልጅ እንከን ትፈልጊያለሽ አልኩሽ። በማግስቱ ሻንጣሽን አንሥተሽ ሄድሽ። ከዚያም በኋላ ስጠራት ዝም ስትለኝ፣ እልኸኛ ናት እያልኩ እቆነጥጣት ነበር። ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ሦስት ዓመቷ ነበር። መቼ አወቅሽ ሲሉኝ፣ እስከዛሬ የት ነበርሽ መባሉን ፈርቼ፣ አሁን በቅርቡ ነው አልኩ።

ቀጠሮዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቃሌን ላስተካክል ቆርጫለሁ፤ ግን ያን ጊዜ፣ ትሪው ሲወድቅ፣ ስንት ወሯ እንደነበር አላስታውስም። ባሌ ታሞ ስለነበር ቀኑ ሁሉ ተምታቶብኛል። ትድህ ነበር? ቆማ ነበር? አንቺ ነገር አትረሺም፤ ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ። ለእኔ አዝነሽ ቀኑን ወደ ሦስት ዓመቷ እንዳታቀርቢው። ወረቀትሽን ለባለሙያዋ እኔው ራሴ አነብላታለሁ። ይቅርታ እለምንሻለሁ፤ እሱን ብትነፍጊኝ እንኳ ወሯን አትንፈጊኝ።

ባለቤትሽን ወገቡን እየጠበቀ ይሥራ በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ያቺን ለፍላፊ የባልሽን እህት፣ ወሬዋ እንደናፈቀኝ ንገሪያት። ልጄ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች። የአክስቴ ድምፅ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ወፈር ያለ ነው፣ ይሰማሻል ብያታለሁ።

ታናሽሽ

ከመስፊያ ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን