ምሰሶው አይነቀልም

ይድረስ ለልጄ ለየሻው ገሰሰ፣ ድሬዳዋ።

ፎገራን የሞላው የክረምት ውሃ ያህል ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ወባው ለቀቀህ ወይ? ምራቴ ደብረወርቅ ደህና ናት? ታከለ ጥርሱን ጨርሶ አበቀለ? ጥሩብርሃንስ አሁንም እንደ ድሮዋ እልኸኛ ናት? እልኸኛ ከሆነች ደግ ነው፣ ዘሯን አልሳተችም። እኔ፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና፣ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ከሚይዘኝ በቀር ደህና ነኝ። ሳሉም ትቶኛል። ሳሉ ትቶኛል ያልሁትን ሁለት ጊዜ አንብበው።

ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ እንደ ሰከረ ሰው ቢወላገድ አትሳቅ፤ ዳዊት ሳልደግም ለከብት ጥበቃ የወጣሁ ሰው ነኝ። ለመሪጌታ ገብረ ኪዳን ነግሬ ማስጻፍ አቅቶኝ አይደለም። ነገር ግን ለዘመድ ሁሉ ብለህ የላክኸውን ደብዳቤ ያነበቡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ያነበቡትም በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ አገር ቆሞ እየሰማ ነው። «አባቴ በረጠበ ቤት ውስጥ እየሻገተ ነው፤ አጎቴ አዛናው ቤቱን ያፍርስና ምሰሶውን ወረታ ከተማ ወስዶ የቆርቆሮ ቤት ይሥራለት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ ሲያደርጉት ጭራሽ ሁሉም ጆሮውን አቀና። ልጄ፣ ሰው በቁሙ ሙሾ ሲወርድለት ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ የራሴን ሰማሁ።

እውነት ነው፣ ባለፈው ነሐሴ ለእናትህ ሙት ዓመት መጥተህ ከአልጋዬ ሥር የበቀለውን እንጉዳይ አይተሃል። በጎታው ያለው ጤፍ ሸቶ ነበር፣ የምተኛበት ቁርበትም ከታቹ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ይህን አልክድም። ነገር ግን እናትህ ንግሥቲ በሕይወት ሳለች ይህ ቤት ረጥቦ ያውቃል? ክረምት ሳይገባ ግድግዳውን በእበት ትለቀልቀዋለች፤ ምድጃዋም ከንጋት እስከ ምሽት አይጠፋም። እሷ ካለፈች ወዲህ ግድግዳውን የነካው እጅ የለም። እኔም እሳት የማነደው ለራት ብቻ ሆነ። ቤትን ዝናብ ብቻ አያረጥበውም፤ የቀዘቀዘ ምድጃም ያረጥበዋል።

ደብዳቤህ በተነበበ ማግስት አዛናው ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ መጥረቢያና ገመድ ይዞ መጣ። እኔም ደጃፌን ዘግቼ ቆምሁ። «አያ ገሰሰ፣ ልጅህ አዞኝ ነው፤ ለጤናህ ተጨንቆ ነው» አለኝ። «ልጄን የወለድሁት ሊያዝዝብኝ አይደለም» አልሁት። ነገሩ ከረረና ለሽማግሌ ሄድን። መሪጌታ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ። አዛናው፣ ቤት መለቅለቅ የሴት ሥራ ነው፣ ሚስት የሌለው ሰው ወይ ያግባ፣ ወይ ዘመድ ቤት ይጠጋ አለ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን እንዲህ አልሁ፤ በሐምሌ ሥላሴ አንድ አሞሌ ጨው ቤቴ ውስጥ ይሰቀል። ጨው እርጥበት ካገኘ ያለቅሳል። ቡሄ ዕለት መጥታችሁ እዩት። አልቅሶ ካገኛችሁት ምሰሶውን ራሴ እነቅላለሁ፣ ወረታም እገባለሁ። ደርቆ ካገኛችሁት ግን አዛናው መጥረቢያውን ይዞ ይመለስ።

አዛናው ሳቀ። «በፎገራ ክረምት አሞሌ ሰቅሎ? ሐምሌ ሳይጋመስ ወጥ ይሆናል» አለ። ሽማግሌዎቹ ይሁን አሉ።

ሥራዬን የጀመርሁት ውሃው በየት እንደሚገባ በማየት ነው። አንተ ጣራው ነው ብለሃል። ጣራው የሚያንጠባጥበው ከበሩ በላይ ብቻ ነው፤ በር ላይ ቆሞ የሚያወራውን እንጂ ገብቶ የተቀመጠውን አይነካም። ውሃ ሌባ ነው፣ በጣራ ስትጠብቀው በመሠረት ይገባል። ግድግዳችን ከሥሩ ይጠጣ የነበረው ከላይኛው ማሳ የሚወርደውን ነው። ስለዚህ በጓሮ በኩል ወገቤ ድረስ ቦይ ቆፈርሁ፣ ከወንዝ ድንጋይ ለቅሜ ሞላሁበት፣ ጫፉንም ወደ ረግረጉ መለስሁት። የቤቱን ወለል ቆፍሬ አመድና ከሰል አነጠፍሁበት፣ በላዩ አፈር መልሼ እንደ አውድማ ደበደብሁት። አዛናው በመንገድ ሲያልፍ መቃብርህን ነው የምትቆፍር ብሎኛል። ለመቃብርማ ይህን ያህል አልደክምም፣ እሱን እናንተ ትቆፍሩታላችሁ አልሁት።

ከዚያ ምርጊቱ መጣ። አገር የሳቀበትን አንተም ብትሰማ ምን አለበት። አፈር ሁሉ አፈር ነው ብዬ ከደጄ ጥቁሩን ዋልካ አቡክቼ መረግሁት። ፀሐይ ሲነካው እንደ ገበሬ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። ጎረቤታችን ሸጌ፣ ያቺ የእናትህ የማኅበር ጓደኛ፣ በአጥር ብቅ ብላ አየችውና፣ «ውይ አያ ገሰሰ! ግድግዳው ምን አይቶ ነው ጥርሱን የከፈተ?» አለች። «አንቺን» አልኋት። ሳቋን ስትጨርስ፣ «ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ንግሥቲ እኮ ቀዩን አፈር ነበር ከጣራ ገዳም በኩል የምታስመጣው። ጭዱም ጭቃው ውስጥ እስኪሸት ካልከረመ አይዝም» አለችኝ። ያንን ቀይ አፈር ያን ሁሉ ዘመን በአህያ የጫንሁላት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። አህያዬን ጭኜ ሄድሁ።

ጭቃው ሲከርም ሽታው ከመንገድ ሰው ይመልስ ነበር። በኋላ እጅጌዬን ሰብስቤ እበቱን በመዳፌ ስለቀልቅ ገበያ የሚወርዱ ወንዶች ቆመው አዩኝ። አንዱ፣ «ገሰሰ፣ ቀሚስ እናምጣልህ ወይ?» አለኝ። «የሚስትህን ካመጣህልኝ እሷ ምን ለብሳ ካንተ ትኮበልላለች?» አልሁት። ባልንጀሮቹ በእሱ እየሳቁ ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ወደ ወዲያኛው ማዶ ነው የሚያይ። እበት እጅን እንጂ ስምን አያቆሽሽም።

ሐምሌ ሥላሴ ዕለት አሞሌው በጠፍር ታስሮ በምዕራቡ ግድግዳ ፊት ተንጠለጠለ። ቦታውን የመረጠው አዛናው ነው፤ ከጣና የሚመጣው ንፋስና ዶፍ የሚመታው ያንን ግድግዳ እንደሆነ ያውቃል፣ ሞኝ አይደለም። ሳምንት ሳይሞላ ጨው አላበው። በጣቴ ነካሁት፣ ጣቴ ረጠበ። በዚያን ቀን እህል አልቀመስሁም። አውርጄ ከእሳት ዳር ባደርቀው ማን ያየኝ ነበር? ነገር ግን ሽማግሌን አታልሎ በረጠበ ቤት ከመኖር የወረታው ቆርቆሮ ይሻላል ብዬ ተውሁት።

ግድግዳውን ስዳስሰው ውሃ አልገባበትም፤ የሆነው ቀዝቅዞ ነው። የቤት ትንፋሽ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ እንደ ድስት ክዳን ያልባል። ከጣና ዳር ደንገል አስመጣሁ፣ እንደ ምንጣፍ አያያዝሁትና አሞሌውን ሳልነካ በጀርባው አሳልፌ በግድግዳው ፊት አቆምሁት። በደንገሉና በግድግዳው መካከል ጭብጥ የሚያስገባ ክፍተት ተውሁ። የደንገል ውስጡ እንደ ጥጥ ነው፣ ብርድ አያሳልፍም። ምድጃውንም እንደ እናትህ ከንጋት ጀምሬ ማንደድ ያዝሁ። የምቀቅለው ሳይኖረኝ እሳት ዳር እቀመጣለሁ፤ ጭሱ ሳሩን ያደርቃል፣ ሙቀቱ ግድግዳውን። እንዲህ እንዲህ እያለ ጨው ላቡን ጠረገ፣ የእኔም ሳል ቆመ። በሐምሌ መጨረሻ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ባሕር ሲሆን ውሃው እስከ ጓሮዬ ቦይ መጣና ዞሮ ሄደ። ከበራፌ ቆሜ ሸኘሁት።

ቡሄ ዕለት ሽማግሌዎቹ መጡ፣ አዛናውም ከነመጥረቢያው። ገና ስንገባ፣ «ይኸው! ቀልጧል!» ብሎ ጮኸ። አሞሌው ከታች በኩል ጎድጉዶ፣ ረጥቦ ያብለጨልጫል። ከሥሩ ግን የላሜ የቦራ ልጅ ጥጃዬ ማሰሪያዋን በጥሳ አፏን እየላሰች ቆማለች። እንግዳ ልቀበል ደጅ በወጣሁበት ደርሳበታለች። አንደኛው ሽማግሌ የምላሷን ፈለግ በጣቱ ተከተለና፣ «ጨው ያለቀሰ እንደሆነ ከሥሩ ነጭ እንባ ይወርዳል። እዚህ የወረደ የለም» አለ። አዛናው፣ «እንባውንም እሷ ልሳው እንደሆነ ማን ያውቃል? ደግሞስ ጥጃ ምስክር ትሆናለች?» አለ። «ካንተ ትሻላለች፤ እሷ እንኳ ቀምሳ ነው የመሰከረች» አልሁት። ክርክሩ ጦፈ። ልጄ፣ እርግጡን ልንገርህ፣ በዚያች ሰዓት በአንዲት ጥጃ ምላስ ቤቴን ላጣ ነው ብዬ ነበር።

በመጨረሻ ፍርዱ ለመሪጌታ ይሁን ተባለ። ዞር ብንል መሪጌታ ደንገሉን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ክረምት በገባ ቁጥር ቁርጥማት እንቅልፍ የሚነሣቸው ሰው ናቸው፤ በገዛ ቤታቸው እንኳ ቁጭ ብለው እንደሚያነጉ አገር ያውቃል። አዛናው ትከሻቸውን ነካ አድርጎ፣ «መሪጌታ፣ ይፍረዱልን እንጂ» አላቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ፈርጄ አይደል እንዴ የተኛሁት? የቀረውን ወጥታችሁ ተከራከሩ። በሩንም ዝጉት» አሉ።

ወጣን። አዛናው ግድግዳውን በውጭ በኩል በመዳፉ ዳሰሰው። «እህቴ የለቀለቀችው ይመስላል» አለ። «አይመስልም። የእሷ ይለሰልስ ነበር» አልሁት። ከዚያ መጥረቢያው ሥራ ሳይሠራ አይመለስም ብሎ ማገዶ ፈልጦልኝ ሄደ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ለጤናዬ መጨነቅህን አውቃለሁ። ነገር ግን የሚጨነቅ ልጅ አባቱን ይጠይቃል እንጂ አጎቱን አያዝም። ቆርቆሮ ሲበርድ ያንዘፈዝፋል፣ ሲሞቅ ይጠብሳል፣ ዝናብ ሲመታው ሰው የራሱን ጸሎት አይሰማም። ይህ ምሰሶ ወይራ ነው፣ አባቴ ወልደ ሥላሴ ያቆመው። እናትህን ከሥሩ አግብቼ ከሥሩ ሸኝቻታለሁ። ወረታ ልትከለው ብትል የቆርቆሮ መደገፊያ ይሆናል እንጂ ቤት አይሆንም። እኔ ሳልወጣ እሱ አይወጣም።

ኅዳር ላይ ሳሩ ሲደርስ ጣራውን ለመክደን ደቦ እጠራለሁ። ጠላ የምትጠምቅ ሚስት የሌለችው ደቦ አይጠራም ይላሉ። እኔ እጠራለሁ፣ ጠላውንም ራሴ እጠምቃለሁ። የሚጠጣው ይጠጣ፣ የማይጠጣው ሳር ያቀብል። አንተም ፈቃድ ጠይቀህ ና። ና ያልሁህ ልትጎበኘኝ አይደለም፤ ጣራ ላይ ልትወጣ ነው። ሌሊት የምትተኛው በምዕራቡ ግድግዳ ሥር ነው። አንዲት ጊዜ ካስነጠስህ፣ ጠዋት ራሴ ወረታ እገባልሃለሁ። ካላስነጠስህ ግን በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመህ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ የአባቴ ቤት ደረቅ ነው ትላለህ።

ለምራቴ ለደብረወርቅ፣ እንደ ልጅ የምወድሽ ነኝ፣ ባልሽን አትከልክይው በላት። ታከለን ጉንጩን ሳምልኝ። ጥሩብርሃንን ግን እንዳትስምልኝ፣ አያትሽ ራስሽ መጥተሽ ካልሳምሽው አይስምሽም ብሏል በላት፤ ታመጣሃለች። አጎትህ አዛናው ሰላም ብሎሃል፤ ሸጌም እንዴት ነህ ትልሃለች።

አባትህ ገሰሰ ወልደ ሥላሴ

ፎገራ፣ ወረታ አጠገብ
ነሐሴ ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.