ቀላ ወይ?

ሐሙስ፣ በወሩ አጋማሽ፣ ከምሳ በኋላ
ከወርክሾፑ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ታማርራለች፣ እኔን ደግሞ ከጉልበቷ አብልጣ ታማርራለች። ሥራም አለ። የአንድ ትምህርት ቤት የመስኮት ፍርግርግ ይዣለሁ። ዛሬ ግን መበየጃውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፣ ኮቴን ደርቤ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ አናጢው «ምን ነካህ አንተ ሰውዬ፣ ብርድ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ብርድ ነው» አልኩት። «ፍርሃት ነው» ብዬ እንዴት ልንገረው?

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፣ ሳትቆጪ አንብቢልኝ።

እኛ ቤት ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ተብሎ አያውቅም። «ቀላ?» ነበር የሚባለው። ማታ እናትሽ መርፌዋን ሆድሽ ላይ ትሰካለች፣ ያቺ ትንሽ ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ መድኃኒቱን ጠብ ጠብ ስታደርግ ታድራለች፣ ሲነጋ ሽንት ቤት ገብተሽ ከውስጥ «ቀላ!» ብለሽ ትጮኺያለሽ። ሽንትሽ ከቀላ፣ ከምትወስጂው ደም የሚጠራቀምብሽ ብረት እየወጣልሽ ነው። አንድ ቀን እንግዳ ባለበት ጮኸሽ አክስትሽን ሻይ ትን አላት፣ ትዝ ይልሻል? ለትምህርት ከሄድሽ ወዲህም ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ቀላ?» እላለሁ፣ «ቀላ፣ አባዬ» ትይኛለሽ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ትናንት መርፌ እንዳያልቅብሽ ብዬ፣ ተቀብዬ ልልክልሽ ወደ ክሊኒካችን ሄድኩ። ሲስተርን ታውቂያታለሽ፣ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ደም ስትሰጥሽ የኖረችውን። «የምን መርፌ አባባ? እዚያ ያሉት ሐኪሞች እኮ ወደ ኪኒን ቀይረውላታል። ውሃ ውስጥ አሟሙታ ነው የምትጠጣው» አለችኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ፣ ልጄ ከመርፌ ተገላገለች ብዬ! ትንሽ ቅርም አለኝ፣ እንዴት ሳትነግረኝ ብዬ። ከዚያ እንዲያው ለጨዋታ ያህል «እሱም ያቀላል አይደል?» አልኳት።

«አይ አባባ፣ ይሄኛው ሽንት አያቀላም። ብረቱን በሰገራ ነው የሚያስወጣው።»

እሁድ ዕለት እኮ «ቀላ፣ አባዬ» ብለሽኛል።

ሲስተር ፊቴን አይታ ወንበር ሳበችልኝና እዚያ ላለች የሥራ ባልደረባዋ ደወለች። ደሙን በየጊዜው መጥተሽ ትወስጃለሽ አሉ። ኪኒኑን ግን ካለፈው ሴሚስተር ወዲህ የወሰደው የለም፣ ስምሽ ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እባክሽ ሲስተርን አትቀየሚያት። እሷም ስልኩን ስትዘጋ እንባዋ መጥቶ ነበር።

ሚጣዬ፣ የራስሽ ደም አይበቃሽምና የሚሰጥሽ ደም ያበረታሻል። ትስቂያለሽ፣ ደረጃ ትወጪያለሽ፣ ደህና ነኝ ትያለሽ። ግን እያንዳንዱ የደም ከረጢት ብረቱን ይዞ ነው የሚገባው፣ ሰውነታችን ደግሞ ይህን ሁሉ ብረት የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። መንገዱ መድኃኒቱ ብቻ ነው። እሱ ከቀረ ጉበት ላይ፣ ልብ ላይ ይከማቻል። ሲከማች ደግሞ አያምም፣ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው አለማመሙ ነው። ዕድሜ ልኬን ብረት ሲታዘዝልኝ ኖሯል። ሳግለው ይጎብጥልኛል፣ ስቀጠቅጠው ይሳሳልኛል። አንቺ ውስጥ ያለውን ግን በምን እጄ ላግኘው?

ያው በሽታ የነበረበት ወንድምሽም ደህና ነኝ ይል ነበር። ጓደኞቹ ጋ የሚያድር ቀን ፓምፑን መሳቢያ ውስጥ ጥሎት ይሄዳል፣ ያፍር ነበር። ልቡ የቆመ ቀን እንኳ ጠዋት ኳስ ተጫውቶ ነው የመጣው። አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ «ትኩሳት ነው የወሰደው» አልንሽ። ትኩሳት አልነበረም። ብረቱ ነው። እንዳናስፈራሽ ብለን ደበቅንሽ። አሁን ግን ፍሪ። እባክሽ ፍሪ፣ ልጄ። ብቻዬን ፈርቼ አልቻልኩትም።

ለምን እንደተውሽው አልጠይቅሽም። ውሸቴን ነው፣ እጠይቅሻለሁ፤ ግን አልቆጣም። ሆድሽን እያገላበጠሽ ነው? ሲስተር ብዙ ሰው ሆዱን ይረብሸዋል፣ ለሐኪም ከነገሩት መላ አለው ብላለች። ወይስ አብረውሽ የሚያድሩት ልጆች እንዳያዩሽ ነው? ወይስ እንዲሁ ሰለቸሽ? ቢሰለችሽ አይፈረድብሽም። ጥርስ ሳታበቅይ ሐኪም ቤት ገብተሽ እዚያው ነው ያደግሽው፤ እኔ ብሆን ገና ድሮ አሽቀንጥሬ ጥዬው ነበር። ብቻ በገዛ እጅሽ ተነስተሽ አትጀምሪው። መጀመሪያ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሪው፣ ደምሽን ይመርምር፣ ልብሽንም ይይልሽ።

እናትሽ አልሰማችም። ነገ ዕቃ ልገዛ እሄዳለሁ ብያታለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ብትሰማ ያን ቀን እንደገና ታየዋለች። ትናንት አናጢው ስለሌላ ነገር ሲያወራ «የፈሩት ይደርሳል» ቢል ጆሮዬን ይዤ ወጣሁ። ምን ሆነ ብሎ ሲስቅብኝ ዋለ።

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አልሰጠውም። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። አባትሽን ታውቂዋለሽ፣ ፊትሽን ሳይ አፌ ይተሳሰራል፣ ስለ እናትሽ ጉልበት ሳወራ ውዬ «በይ ደህና ሁኚ» ብዬ እመለሳለሁ። የጻፍኩት ለዚህ ነው። ለማደሪያሽ ዘበኛ እሰጠውና ከመንገዱ ማዶ እቆማለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ወደኔ ውጪ፤ አብረን ወደ ሐኪሙ እንሄዳለን፣ በመንገድ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ልትወጪ ካልፈለግሽም ግድ የለም፣ አልቆጣም። ግን ከዚያ አልሄድም።

ጤናሽን ይስጥልኝ። ክፉ አይንካብኝ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃልኝ። እኔን የምትቀብሪኝ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ወንድምሽ ተራውን አዛብቶብኛል፣ አንቺ አትድገሚኝ።

አባትሽ